ዕዳ እያለብዎ ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ ሲጠየቁ፦ ፎርሙን ከመክፈትዎ በፊትና በኋላ የሚሠራው ሥራ

ሥራው ተገኝቷል፣ ደመወዙ ላይ ስምምነት ተደርሷል፣ የቀረው በተለምዶ ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ የሚባለው የምስጢር ሥራ ፈቃድ ብቻ ነው። ነገሩ የሚሰናከለውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ፣ በገንዘብ ጉዳይ ነው። ሰውን የሚጥለው ግን የዕዳው ትልቅነት አይደለም። ሰማንያ ሺህ ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው ሊያልፍ፣ ስድስት ሺህ ዶላር ያለበት ሊከለከል ይችላል። የመጀመሪያው ሰው ማንም ሳይጠይቀው የጀመረውን ክፍያ በደረሰኝ ያሳያል፤ ሁለተኛው ከራሱ የክሬዲት ሪፖርት ላይ ሲነበብለት «ይህን አላውቀውም ነበር» ይላል።

መመሪያው ለአሜሪካ ዜጎች ነው፤ በዜግነት ቃለ መሐላ የገቡትንም ይጨምራል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ክሊራንስ አይሰጠውም። እንዲሁም ማንም ሰው በራሱ ተነሥቶ ማመልከት አይችልም፤ የሚያስጀምረው ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ወይም የመንግሥት ኮንትራት ያለው ድርጅት ነው። ስለ ሕይወትዎና ስለ ገንዘብዎ የሚጠይቀው ፎርም፣ ስታንዳርድ ፎርም 86፣ ጥሪው አንዴ ከደረሰዎ በኋላ የሚሰጥዎ ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ካሉት የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች ጥሪው ሳይመጣ ይጨርሱ።

መዛኙ፣ ማለትም ክሊራንሱን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ሰው፣ የሚመዝነው ምንድን ነው?

ከእ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2017 ጀምሮ ሁሉም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት በአንድ መመዘኛ ነው። ከ«ኤ» እስከ «ኤም» የተሰየሙ 13 አንቀጾች አሉት፤ ገንዘብን የሚመለከተው «ኤፍ» ነው። ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛው፦ ይህ ሰው ዕዳ አስጨንቆት ገንዘብ ለማግኘት ሕገ ወጥ ነገር ሊሠራ ይችላል ወይ? ሁለተኛው፦ የገባውን የገንዘብ ግዴታ የማያከብር ሰው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታውንስ ያከብራል ወይ? ከባዱ ሁለተኛው ነው፤ የሚለካው ዕዳ ሳይሆን ጠባይ ነውና።

«ከዚህ ዶላር በላይ ከሆነ ይከለከላል» የሚል ቁጥር የለም። ጥርጣሬ ካለ ግን የሚወሰነው ለእርስዎ ሳይሆን ለአገር ደህንነት ነው። ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ በእርስዎ ጫንቃ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ሦስቱንም የክሬዲት ሪፖርት ያውጡ

1. አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም የሚለውን ድረ ገጽ ይክፈቱ። የኢኩዊፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማውጣት ይቻላል።
2. ሦስቱንም ያውርዱ። አንዱን አይቶ ማቆም በጣም የተለመደው ስሕተት ነው፤ አበዳሪዎች ለሦስቱም እኩል አይልኩም።
3. እያንዳንዱን ሪፖርት ከነቀኑ ያስቀምጡ። የወረደበት ቀን ራሱ ማስረጃ ነው።
4. ነጥቡን ተዉት። በስልክዎ ላይ የሚታየው የክሬዲት ነጥብ ለዚህ ጉዳይ እምብዛም አይረባም፤ የሚነበበው ዝርዝሩ ነው።

ሪፖርቱ ላይ የማያውቁት ዕዳ ካገኙ፦ ለሪፖርት አውጪው ድርጅት በጽሑፍ ተቃውሞ ያስገቡ። በሕጉ መሠረት ድርጅቱ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። ስምዎን ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ከሆነ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የማንነት ስርቆት ሪፖርት ያቅርቡ፣ ለፖሊስም ያመልክቱ። «የእኔ አይደለም» የሚል ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መመዘኛው የሚቀበለው በሰነድ የተደገፈ ተቃውሞ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በየስልኩ የሚደውሉ «ክሬዲትዎን እናጸዳለን» ባዮች ትክክለኛ ዕዳንም ጭምር እንዲቃወሙ ይመክራሉ። ይህን ካደረጉ በኋላ መርማሪ ፊት «ዕዳው የእኔ ነው» ማለት ይቸግርዎታል፣ «የእኔ አይደለም» ማለት ደግሞ ውሸት ይሆናል።

ደረጃ 2፦ አንድ ሠንጠረዥና አንድ ፋይል ያዘጋጁ

ለእያንዳንዱ ዕዳ አንድ መስመር ይመድቡና እነዚህን ይጻፉ፦ መጀመሪያ ያበደረው ማን እንደሆነ፣ አሁን ዕዳው በማን እጅ እንዳለ፣ የሒሳብ ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ መቼና ለምን መከፈል እንዳቆመ፣ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ።

«ለምን» የሚለውን ዐምድ አይዝለሉት። ከሥራ መፈናቀል፣ የንግድ መዳከም፣ ድንገተኛ ሕመም፣ ሞት፣ ፍቺ፣ የማንነት ስርቆት፤ እነዚህ መመዘኛው ራሱ በስም የሚጠቅሳቸው ከሰው አቅም ውጭ የሆኑ ምክንያቶች ናቸው። ምክንያቱ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ «ያ ነገር ሲደርስብዎ ምን አደረጉ?» የሚለው ነው። ሥራ ያጣ ሰው ለባንኩ ደውሎ ክፍያ እንዲቀነስለት ከጠየቀ በኃላፊነት ሠርቷል፤ ደብዳቤዎቹን ሳይከፍት በመሳቢያ ያጠራቀመ ግን አልሠራም። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤውን፣ የሆስፒታል ሂሳቡን፣ የፍቺ ውሳኔውን ከዚያ ጊዜ የኢሜይል ልውውጥ ጋር አብረው ይሰብስቡ።

ሁለት ነገሮች ሰዎችን ያስታሉ። አንዱ ዋስነት ነው። ለወንድም ወይም ለጓደኛ መኪና ዋስ ሆነው ፈርመው እርሱ መክፈል ካቆመ ዕዳው የእርስዎም ነው፤ ፎርሙም ዋስ የሆኑበትን ጭምር ይጠይቃል። ሌላው ፍቺ ነው። ፍርድ ቤቱ «የክሬዲት ካርዱን ዕዳ እርሷ ትክፈል» ብሎ ቢወስን እንኳ ባንኩ በዚያ ውሳኔ አይገዛም፤ ፊርማዎ ካለበት ከእርስዎም ይጠይቃል።

ቀጥለው የወር በጀት ይሥሩ። ገቢ፣ ኪራይ፣ ምግብ፣ የዕዳ ክፍያ፣ ትራፊ። ለወላጅ ወይም ለእኅት ወደ አገር ቤት የሚልኩት ገንዘብ ካለ እርሱም በራሱ መስመር ይግባ። ብዙዎች ይህን «የግል ጉዳዬ» ብለው ይተዉታል፤ ፎርሙ ግን በክፍል 20 ለውጭ ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገው እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። በወር 500 ዶላር እየላኩ 40 ዶላር ለአበዳሪ መክፈል ካልቻሉ ደግሞ መርማሪው «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። መላኩ ጥፋት አይደለም፤ ሳይቆጥሩ መላኩ ግን ያስጠይቃል።

ደረጃ 3፦ ግብርን ያስቀድሙ

ከዕዳ ሁሉ ክፉው ያልከፈሉት ግብር ነው፤ ከዚያም የባሰው ጭራሽ ያላሳወቁት። ክሊራንስ ሊሰጥ የሚያስብ መንግሥት፣ ለዚያው መንግሥት ገቢውን ያላሳወቀን ሰው እንዴት እንደሚያየው መገመት አያዳግትም። በተለይ ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወይም በግል የሚሠሩ ሰዎች ግብር ከደመወዛቸው ስለማይቆረጥላቸው እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

1. በአይ አር ኤስ ድረ ገጽ የግል ሒሳብ ይክፈቱና የየዓመቱን ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የግብር መዝገብዎን ቅጂ፣ ያውርዱ። የትኛው ዓመት እንዳልገባ ወዲያው ይታያል።
2. የጎደለውን ዓመት ያስገቡ፤ የሚከፍሉት ገንዘብ ባይኖርዎትም ያስገቡ። በወቅቱ ያለማሳወቅ ቅጣት ባልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ ሆኖ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ አሳውቆ ያለመክፈል ቅጣት ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው።
3. የቀረውን ዕዳ በክፍያ ውል ያስሩት። ግብሩ፣ ቅጣቱና ወለዱ ተደምሮ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ውሉን በኢንተርኔት መጠየቅ ይቻላል።
4. ክፍያው በየወሩ ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ ያድርጉ። መመዘኛው «ውል ገብቷል» ብቻ ሳይሆን «ውሉን እየጠበቀ ነው» ይላል።
5. የሚኖሩበትን ግዛት ግብርም እንዲሁ ያጣሩ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከፌዴራሉ የተለየ የራሳቸው ግብር አላቸው።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት፦ የጊዜ ማራዘሚያ ቅጹ፣ ማለትም ቅጽ 4868፣ የሚያራዝመው የማሳወቂያውን ቀን እንጂ የመክፈያውን አይደለም። «ተመላሽ ስላለኝ ባላስገባም ችግር የለውም» የሚለውም ለክሊራንስ አይሠራም።

ደረጃ 4፦ የቀሩትን ዕዳዎች በቅደም ተከተል ይያዙ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመክፈል አይሞክሩ፤ መዛኙም ያን አይጠብቅም። የሚጠበቀው ምክንያታዊ ዕቅድና ዕቅዱ በሥራ ላይ መዋሉ ነው። የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. የልጅ ቀለብ። ውዝፍ ካለ ለብቻው የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።
2. የፌዴራል የተማሪ ብድር። 270 ቀን ሳይከፈል ከቆየ እንደ ውል ማፍረስ ይቆጠራል። ከዚህ መውጫው አንዱ መንገድ በ10 ተከታታይ ወራት ውስጥ 9 ክፍያ በወቅቱ መፈጸም ነው።
3. ፍርድ ቤት የወሰነባቸው ዕዳዎች።
4. ትንንሾቹ። 180 ዶላር የስልክ ሂሳብ፣ 240 ዶላር የክሊኒክ ሂሳብ። አራት ትንንሽ መስመሮች ሲዘጉ ሠንጠረዡ ሌላ መልክ ይይዛል፣ እርስዎም ይበረታሉ።
5. ትልልቆቹ፣ በውል።

ከዕዳ አስመላሽ ድርጅት ጋር ሲደራደሩ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ስምምነቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በጥሬ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ዱካ በሚተው መንገድ ይክፈሉ። ሲጨርሱ «ዕዳው ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ይጠይቁ። 9,000 ዶላሩን በ4,000 ካስጨረሱ አበዳሪው የተተወልዎትን 5,000 ለአይ አር ኤስ ሊያሳውቅ ይችላል፤ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የተሰረዘ ዕዳ እንደ ገቢ ሊቆጠር ስለሚችል በቀጣዩ ዓመት ግብር ላይ እንዳይረሱት። አንዱን ዕዳ ዘግቶ ሌላ መክፈት የሚመጣው እንዲህ ነው።

«ሰባት ዓመት ስላለፈው ከሪፖርቱ ጠፍቷል» ወይም «በይርጋ ታግዷል» የሚለው መከላከያ ፍርድ ቤት ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን በበጎ ፈቃድ እንደተከፈለ ዕዳ አይቆጠርም። ነገሩ ደግሞ ሌላ ጎን አለው፦ በብዙ ግዛቶች ለቆየ ዕዳ ጥቂት ዶላር መክፈል የይርጋውን ሰዓት እንደገና ያስጀምረዋል። ስለዚህ ትልቅና የቆየ ዕዳ ካለ ከመንካትዎ በፊት ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ጠበቃ ያማክሩ።

ዕዳው ከገቢው በላይ ከሆነ፦ ለትርፍ ያልቆመ የክሬዲት ምክር ድርጅት ዘንድ ይሂዱ፤ በናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ ሥር ያሉትን መፈለግ ይቻላል። መመዘኛው ከታመነ ምንጭ የተገኘ ምክርን በበጎ ያያል። የኪሳራ አዋጅም ሕጋዊ መንገድ ነው፣ በራሱ ክሊራንስ አያስከለክልም። ምዕራፍ 13 ለሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚከፈልበት ስለሆነ የመክፈል ልምድዎን ያሳያል፤ ምዕራፍ 7 ዕዳውን ቢያጠፋም «ዕዳው ለምን መጣ?» የሚለውን ጥያቄ አያጠፋም።

ደረጃ 5፦ ክፍል 26ን ይሙሉ

ፎርሙ ስታንዳርድ ፎርም 86 ይባላል፤ የገንዘቡ ጥያቄ ክፍል 26 ላይ ነው። ኪሳራን፣ ግብርን፣ ለአስመላሽ የተሰጠ ዕዳን፣ የተነጠቀ መኪናን፣ በኪራይ ምክንያት ከቤት መባረርን፣ የደመወዝ መቆረጥን፣ ከ120 ቀን በላይ የዘገየ ክፍያን ይጠይቃል። አብዛኛው ወደ ኋላ ሰባት ዓመት ይሄዳል። የቁማሩ ጥያቄ ግን የጊዜ ገደብ የለውም፤ «በሕይወትዎ» ነው የሚለው።

1. የደረጃ 2 ሠንጠረዥ አጠገብዎ ሳይኖር አይጀምሩ።
2. ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። «ዛሬ ዕዳ አለብዎ?» እና «ባለፉት ሰባት ዓመታት ደርሶብዎ ያውቃል?» የተለያዩ ናቸው። ከፍለው የዘጉትም በሁለተኛው ውስጥ ይገባል።
3. ግብሩን ዘግይተው ያስገቡ ከሆነ፣ በኋላ ቢያስተካክሉትም መልሱ «አዎ» ነው። ጥያቄው የሚለው በሕግ በተወሰነው ጊዜ ሳያስገቡ ቀርተው ያውቃሉ ወይ ነው።
4. ለእያንዳንዱ «አዎ» በማብራሪያው ቦታ ሦስት ወይም አራት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ምን ሆነ፣ ለምን፣ ምን አደረጉ፣ ዛሬ የት ደርሷል። ምሬት አይጨምሩ።
5. ከመላክዎ በፊት ቅጂ ያስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ መዋሸት ዕዳውን በእጥፍ ያከብደዋል። በአንቀጽ «ኤፍ» ላይ የግል ጠባይን የሚመለከተው አንቀጽ «ኢ» ይጨመርበታል፤ ለፌዴራል መንግሥት አውቆ የሐሰት ቃል መስጠት ደግሞ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። ዕዳ በጊዜ ሊቃለል ይችላል፤ የተያዘ ውሸት በቀላሉ አይለቅም።

ፎርሙን ከላኩ በኋላ የረሱት ነገር ትዝ ካለዎ፦ መርማሪው እስኪጠይቅዎ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ለቀጣሪዎ የደህንነት ኃላፊ በኢሜይል ያሳውቁ። ሳይጠየቁ ማረምና ተይዘው ማረም በመዛኙ ዘንድ ሰማይና ምድር ናቸው።

ደረጃ 6፦ መርማሪው ፊት

ፋይሉን ይዘው ይቅረቡ። የተጠየቁትን ይመልሱ፣ የማያውቁትን «አላስታውስም፣ አጣርቼ እልካለሁ» ይበሉ፤ ከዚያም በእርግጥ ይላኩ። ቀን ቆርጠው «በሁለት ሳምንት ውስጥ እከፍላለሁ» ካሉ ያ ቃል ይመዘገባል። የማይፈጽሙትን አይናገሩ።

ደረጃ 7፦ ክሊራንሱ ከተሰጠ በኋላ

ዛሬ ምርመራው በየአምስትና በየአሥር ዓመቱ የሚመለስ እንግዳ አይደለም። ተከታታይ ማጣራት በሚባለው ሥርዓት የክሬዲትና የፍርድ ቤት መዝገብ በኮምፒውተር ሳያቋርጥ ይታያል። ኪሳራ ካስመዘገቡ ወይም አንድ ዕዳ ከ120 ቀን በላይ ከዘገየ ራስዎ ማሳወቅ ግዴታዎ ነው። ቶፕ ሲክሬት ደረጃ ላይ ካሉ ደግሞ እንደ ውርስ ወይም ሎተሪ ያለ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ያልተለመደ ገንዘብ መግባቱንም ያሳውቃሉ።

ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ እንደ ዕዳ ሁሉ ያስጠይቃል፤ እዚህ ላይ እቁብን ማንሳት አለብኝ። እቁብ ደርሶዎ 24,000 ዶላር በጥሬው ባንክ ቢያስገቡ ባንኩ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ ጥሬ ገንዘብን ለመንግሥት ያሳውቃል። ይህ ምንም ክፋት የለውም። ክፋቱ ሪፖርቱን ለመሸሽ 8,000፣ 8,000 እያደረጉ መከፋፈሉ ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም መከፋፈሉ ራሱ ወንጀል ነው። በአንድ ጊዜ ያስገቡት፣ የእቁቡን ዝርዝር፣ የዕጣውን ቀንና እርስዎ የከፈሉትን ወርኃዊ መዋጮ የሚያሳይ ወረቀት ያስቀምጡ።

ደረጃ 8፦ የምክንያት መግለጫ ደብዳቤ ከደረሰዎ

በእንግሊዝኛው አጠራር ኤስ ኦ አር የሚባለው ይህ ደብዳቤ ክልከላ አይደለም፤ «እነዚህ ነገሮች ያሳስቡናል፣ መልስ ይስጡ» የሚል ነው። ብዙ ሰው ግን እንደ ክልከላ አንብቦ ይቀመጣል፤ ያኔ እውነትም ክልከላ ይሆናል።

1. የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጻፉ። የኮንትራት ድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ በ20 ቀን ውስጥ በመሐላ የተረጋገጠ የጽሑፍ መልስ መስጠት አለብዎ። ለሌሎች ቀኑ ደብዳቤው ላይ አለ።
2. እያንዳንዱን ንዑስ ነጥብ ለየብቻ «አምናለሁ» ወይም «እክዳለሁ» ብለው ይመልሱ። በጥቅሉ «ዕዳ አለብኝ ግን ጥሩ ሰው ነኝ» ማለት መልስ አይደለም።
3. ከእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ማስረጃውን ቁጥር ሰጥተው ያያይዙ።
4. ችሎት ይጠይቁ። ጉዳይዎ በወረቀት ብቻ እንዲወሰን መምረጥ ይችላሉ፤ ግን ዳኛው ፊትዎን ካላየ፣ ድምፅዎን ካልሰማ ስለ ጠባይዎ የሚያውቀው አበዳሪዎች የጻፉትን ብቻ ነው። የኮንትራት ሠራተኞች ጉዳይ የሚታየው ዶሃ ተብሎ በሚጠራው የመከላከያ የችሎትና ይግባኝ መሥሪያ ቤት ዳኛ ነው።
5. በመልሱና በችሎቱ መካከል ባሉት ወራት ክፍያዎን አያቋርጡ። «ሥራው ከጸደቀልኝ እከፍላለሁ» የሚል ተስፋ በክፍያ ታሪክ ቦታ አይቆምም።

20 ቀኑ ካልበቃ፦ ቀኑ ሳያልፍ ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መልሱንም ያስቀምጡ። ካለፈ በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዳኛው ከከለከለ፦ የይግባኝ ማስታወቂያ ለማስገባት ከውሳኔው ቀን ጀምሮ 15 ቀን አለ። ይግባኝ ሰሚው አዲስ ማስረጃ ስለማይቀበል ችሎት ላይ ያላቀረቡት ደረሰኝ ከዚህ በኋላ አያገለግልም። ይግባኙም ካልተሳካ ለአንድ ዓመት እንደገና መጠየቅ አይቻልም። ውሳኔውን አውጥተው ዳኛው «አላስረዳም» ያለባቸውን ነጥቦች ያስምሩ፣ በየነጥቡ ሥር አሥራ ሁለት ሳጥን ይሥሩ፣ በየወሩ ደረሰኝ ሲገባ አንዱን ሳጥን ይሙሉ።